«መጥኖ መደቆስ» ላይ «መጥኖ» ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ

ሰላም ለቤቱ። ሥራ ቦታ ስለ ቴስት፣ ማለትም ፕሮግራም በትክክል መሥራቱን ስለሚያረጋግጠው ኮድ ስናወራ አለቃችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለችን። ቀድማችሁ ተዘጋጁ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን «ቀድሞ መደቆስ» ብቻ አይበቃም ነበር? «መጥኖ» ምን ጨመረ? ደግሞስ ቴስትን በአማርኛ ምን እንበለው? ሙከራ፣ ፈተና ወይስ ፍተሻ?

መልስ፣ ከየካ አባዶ

ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሰው «መጥኖ»ን ዘሎት ያልፋል። ለእኔ ግን የምሳሌው ክብደት ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

«መጠነ» ማለት ለካ፣ በልኩ አደረገ ነው። መጠን፣ መጠነኛ፣ ምጣኔ ሀብት፣ ሁሉም ከዚሁ የወጡ ናቸው። ወጥ ቤት ሲገባ ትርጉሙ ጠበብ ይላል። ምጥን ሽሮን አስበው፤ እህሉና ቅመሙ በልክ በልኩ ተመጥኖ አብሮ የተፈጨ ነው። «መደቆስ» በሙቀጫ ማድቀቅ ነው። ሰው ላይ ሲሆን «ኑሮ ደቆሰው» እንላለን። «መጣድ» እሳት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ምጣድም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

እንግዲህ ባለ ድስቷ የምታለቅሰው ሳትደቁስ ስለቀረች ብቻ ላይሆን ይችላል። ደቁሳ ይሆናል፣ ግን ሳትመጥን። አንዱ በዝቶ፣ ሌላው ጎድሎ። ድስቱ ከተጣደ በኋላ ደግሞ የበዛ ቅመም ተለቅሞ አይወጣም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ሥራ ነው። ለብሎካችን የጥበቃ ክፍያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። በኢትዮጵያ ቀን ቆጥራ ማን መቼ መክፈል እንዳለበት ትናገራለች። ቴስት አልጻፍኩም ማለት አልችልም። ብዙ ጽፌያለሁ። የፓይተን ቴስቶችን የሚያስሮጠው መሣሪያ፣ ፓይቴስት፣ ላለፈ ቴስት ሁሉ አንድ ነጥብ ያትማል፤ የእኔ ስክሪን በነጥብ ይሞላ ነበር። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሲመጣ ግን ፕሮግራሟ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብላ ቆመች። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጌ ጽፌ ነበር። ዓመቱ በ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ 2015 እንዲያ ያለ ዓመት ነበር። ቴስቶቼ በሙሉ የጥቅምትና የኅዳር ቀናት ላይ የተከመሩ ነበሩ። ደቁሻለሁ፣ አልመጠንኩም።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ፓይቴስት ላይ ፓራሜትራይዝ የሚባል ነገር አለ። ቴስቱን አንዴ ትጽፍና ምሳሌዎቹን ትደረድርለታለህ። 2014 ላይ ጳጉሜ 5 ቀን፣ 2015 ላይ 6፣ 2016 ላይ 5፣ 2019 ላይ 6። እያንዳንዱ ምሳሌ ራሱን የቻለ ቴስት ሆኖ ይቆጠራል፤ አንዱ ቢወድቅ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ይነግርሃል። አራት መስመር ናቸው፣ ግን ከዚያ ሁሉ ነጥብ ይበልጥ ይጠቅሙኛል። ዳር ዳሩን የሚነኩትን መርጦ ማስቀመጥ፣ መመጠን ማለት ለእኔ ይኸው ነው።

የሚሮጡበትን ጊዜም እመጥናለሁ። ዳታቤዝ የሚነኩት ቀርፋፎች ናቸው፤ ምልክት አድርጌባቸው ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። ትንንሾቹን ኮዱን በነካሁ ቁጥር፣ ቀርፋፎቹን ከማስረከቤ በፊት አስሮጣለሁ። ሁሉንም ሁልጊዜ ካልኩ መጠበቁ ይሰለቸኝና ጭራሽ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮሙናሉ ውስጥ ቅመም የሚደቁሱ አንዲት እናት አሉ። ነጭ ሽንኩርት ከደቆሱ በኋላ ሙቀጫውን ሳያጥቡ ኮረሪማ አያስገቡም። «ሽታው ይሄድበታል ልጄ» አሉኝ። ፓይቴስት ላይ ፊክስቸር የሚባለው ነገር ያን ቀን በደንብ ገባኝ። ለቴስቱ የሚያስፈልገውን ያዘጋጃል፤ ሲያልቅ እንዲያጸዳም ማዘዝ ትችላለህ። ካልነገርከው በቀር ለእያንዳንዱ ቴስት እንደ አዲስ ይዘጋጃል። ለሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ተዘጋጅ ማለትም ይቻላል። ያኔ ፍጥነት ታገኛለህ፤ ግን አንዱ ቴስት ያበላሸው ዳታ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሽታው ሄደበት ማለት ነው።

ተጨማሪ፣ ከሱሉልታ

በ«መጥኖ» ተስማምቻለሁ። «ሳይቃጠል በቅጠል»ንም እዚህ ብናነሳው ጥሩ ነው፤ ሰው ከዚህኛው ጋር ያደባልቀዋል። እዚያ እሳቱ ተነስቷል፣ ገና ትንሽ ስለሆነ በቅጠል ይጠፋል። ችግሩ ከታየ በኋላ ቶሎ መድረስ ነው። መጥኖ መደቆስ ግን እሳት ከመለኮሱ በፊት ነው።

ስለ ስሙ እኔ «ፍተሻ» እላለሁ። «ሙከራ» ውጤቱን ሳታውቅ ስትጀምር ነው፤ «እስቲ ልሞክረው» እንደምንለው። ቴስት ስትጽፍ ግን መልሱን ቀድመህ ታውቀዋለህ። «ፈተና» ማለፍና መውደቅ ስላለው ይቀርባል፤ ሆኖም መከራ የሚል ትርጉምም አዝሏል፣ በጸሎት ከእሱ እንድንጠበቅ እንለምናለን። ፍተሻ በር ላይ ነው። የመጣው ሁሉ፣ ትናንት የተፈተሸውም ጭምር፣ ዛሬ እንደገና ይፈተሻል። ቴስትም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ጠያቂው፣ ከለገጣፎ

እግዜር ይስጥልኝ። «ፍተሻ» ተመችቶኝ ፋይሌንም ፈንክሽኖቼንም (ስም ያላቸውን የኮድ ክፍሎች) በግዕዝ ፊደል «ፍተሻ» ብዬ ጀመርኳቸው። ፓይተን ምንም አላለኝም። ፓይቴስት ግን አንድም ቴስት አላገኘሁም አለ።

መልስ፣ ከየካ አባዶ

ፓይተን ከ3 ጀምሮ የግዕዝ ፊደል ስም ይቀበላል። ፓይቴስት ቴስቶቹን የሚለየው በስማቸው ነው፤ ካልተነገረው በቀር «ቴስት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይፈልጋል። የማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የፋይል ስም ቅርጽና የፈንክሽን ስም መነሻ የሚጻፍባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። የፋይሉ ላይ «ፍተሻ*.py»፣ የፈንክሽኑ ላይ «ፍተሻ» አስገባና እንደገና አስሩጠው። አንዱን ብቻ ከቀየርክ ያው ባዶ ነው የሚመልስልህ።