«ሙቀቱ የድሬ ተፈጥሮ ነው» ለተባልነው

የሳቢያኑ፦ ትናንት በዚህ የድሬዳዋ ቡድን ስለ መብራት ሂሳብ ስንማረር አንድ አባል «ሙቀቱ የድሬ ተፈጥሮ ነው፤ የቤት አቀማመጥ ምን አገባው? ቬንትሌተር ግዙ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሳቢያን ሰፈር የምኖረውን እኔን ግን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የማያስተኛኝ የድሬ ተፈጥሮ ሳይሆን የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ነው። ሰፊው ጎኑም መስኮቱም ወደ ምዕራብ የዞሩ በመሆናቸው፣ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት እኔ ላይ ይተፋዋል። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የአያቴ ቤት ግን በዚያው ሌሊት ያስተኛል። እሱ የሌላ አገር ተፈጥሮ ነው?

ግንበኛው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። ሃያ ዓመት ቤት ሠርቻለሁ። ባለቤቱ ካርታውን ይዞ ይመጣል፣ በሩ ወደ መንገዱ ይከፈታል፣ መንገዱ በምዕራብ በኩል ካለፈ ቤቱም ወደ ምዕራብ ያያል። ፀሐይን ለማስደሰት ብዬ ቦታውን ላዙረው? የአያትህ ቤት ሰፊ ግቢ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ከፍ ያለ ኮርኒስ አለው፤ አንተ በብሎኬት ዋጋ እሱን ትመኛለህ።

የመጋላዋ፦ ጋሼ፣ «ፀሐይን ለማስደሰት» ያሏትን ቃል አላልፋትም። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች በሚያዝያና በነሐሴ የቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የምትመታው ጣሪያውን ነው። ግድግዳን የምታቃጥለው ጠዋትና ማታ ዝቅ ስትል ነው። ስለዚህ የቤቱ ረጅም ጎን ሰሜንና ደቡብን ካየ ትንሽ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃዋል፤ ምዕራብን ላየ መስኮት ግን ክፈፉን የቱንም ያህል ቢያስረዝሙት ዝቅ ያለችውን ፀሐይ አይከልልም። ለዚህ አንድም ተጨማሪ ብሎኬት አያስፈልግም። ካርታውም ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው የሸነሸነው ነው።

ግንበኛው፦ ታዲያ የሸነሸነውን ጠይቂው! እኔ ምን አደረግሁ?

የሐረሩ፦ ሁላችሁም በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገልን ብትጎበኙ ይህ ሁሉ ባላደከማችሁ ነበር። በጠባቡ መተላለፊያ ግድግዳ ለግድግዳ ጥላ ይሆናል፣ የድንጋዩ ውፍረት የቀኑን ሙቀት ያዘገየዋል፣ እኛም ቬንትሌተር ሳንገዛ እንኖራለን።

ግንበኛው፦ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠህ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለነውን ታስተምራለህ? የሚያቀዘቅዝህ ከፍታው ነው እንጂ የአባቶችህ ድንጋይ አይደለም።

የሐረሩ፦ ድንጋዩን ያልሠራ ሰው ስለ ድንጋይ አይናገር።

የመጋላዋ፦ በከፍታው ጋሼ ልክ ናቸው፤ አድልዎ አላደርግም። ግን ሐረርን ተዉትና የእኛን ሰፈር መጋላን እዩ፤ ሙቀቱ ያው የድሬ ነው፣ ጠባቡ መንገድ ግን ከሰዓት በኋላ ጥላ አለው። ችግሩ ጥላ ብቻውን አለመብቃቱ ነው። በእኛ ግቢ ለኪራይ ተብሎ ሰርቪስ ቤት በሰርቪስ ቤት ላይ ሲደረደር ነፋሱ መግቢያ አጣ፤ ድሮ ሌሊት ተነጥፎ የሚተኛበት ግቢም ጠፋ። ከዚያ ጎረቤት ኤሲ አስገባና ከሳሎኑ ያወጣውን ሙቀት በመስኮቴ ፊት ለፊት ይለቅቀዋል። እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ፣ ስዘጋው ይታፈናል፣ ሲታፈን ቬንትሌተር እከፍታለሁ፤ የእሱ ቅዝቃዜ በእኔ ቆጣሪ ላይ ይቆጥራል።

የሳቢያኑ፦ ከዚራንም ከዚራ ያደረገው የመንገዱ ዛፍ ነው። የእናንተ ሙያ ሰዎች ግን አጥር ሊያስጠጉ ሲሉ መጀመሪያ የሚያነሡት መጥረቢያ ነው።

ግንበኛው፦ እኔ ዛፍ ቆርጬ አላውቅም! «የእናንተ ሙያ ሰዎች» ማለት ምን ማለት ነው? ግንባሩን በሙሉ መስታወት አድርግልኝ የሚለኝስ ማን ነው? ባለቤቱ ነው። መስታወቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ያግላችኋል ስለው፣ ጎረቤቴ አሠርቷል ይለኛል።

የመጋላዋ፦ እንግዲያውስ አቀማመጥና አሠራር አገባው ማለት ነው፤ አሁን ራስዎ አሉት።

ግንበኛው፦ መስታወት አልኩ እንጂ አቀማመጥ አላልኩም። የሙቀቱ መነሻ የድሬ ተፈጥሮ ነው፤ ቬንትሌተር ግዙ ያልኩትም ለዚህ ነው።

የሳቢያኑ፦ ገዝቻለሁ፣ ጋሼ። ግድግዳው የተፋውን ትኩስ አየር ሌሊቱን ሙሉ ፊቴ ላይ ያመላልስልኛል።