አባቴን ሮኬት ሲተኮስ ላሳየው ነው፣ ፍሎሪዳ ሄዳችሁ ያያችሁ እስቲ ምከሩኝ

የመምህሩ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ቤት ሁሌ አንባቢ ነኝ ዛሬ ግን ጠያቂ ሆኜ መጣሁ። አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቶ አትላንታ እኔ ጋ ነው ያለው፣ ሊመለስ ሦስት ሳምንት ቀረው። ዕድሜ ልኩን ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በ61 ሐምሌ አፖሎ 11 ሲሄድ ተማሪ ነበር፣ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሬዲዮ ሲሰሙ አያቴ "ደግሞ ጨረቃን እንርገጥ ብላችሁ መዓት ልታመጡብን ነው" ብላ በጆሮው ጎትታ እንዳስወጣችው እስከዛሬ ያወራል። እና በየሞሉና በየዘመዱ ቤት እያዞርኩ ከማሰለቸው ሮኬት በዓይኑ ላሳየው ብዬ ቆረጥኩ።

ስልኬ ላይ ያወረድኩት አፕ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ፋልከን 9 የሚባለው የስፔስኤክስ ሮኬት አለ ይላል። ፕላኔ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ መንዳት፣ ሐሙስ ማየት፣ ዓርብ ጠዋት መመለስ። ቲኬት ግዴታ ነው ወይስ ከመንገድ ዳርም ይታያል? ደግሞ አባዬ ጉልበቱን ያመዋል፣ ብዙ መቆም ደረጃ መውጣት ምናምን አይሆንለትም፣ የት ብንሆን ይሻላል? አመሰግናለሁ።

የታይተስቪሉ

አባትህን እንኳን ደህና መጡ በልልኝ። እኔ እዚሁ ታይተስቪል (ከመተኮሻው በውሃ ማዶ ያለችው ከተማ) ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው፣ ቆሻሻ ላወጣ ወጥቼ ሮኬት ያየሁባቸው ቀናት አሉ፣ ስለዚህ በግልጽ ልንገርህ፣ የአንድ ቀኑን ፕላን ተወው። አፑ ላይ የተጻፈው ቀን "ከተሳካ" ማለት ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ዳመናው ወፈረ ይሰረዛል፣ መብረቅ በ18 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ታየ ይሰረዛል፣ እዚህ ታች ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ላይኛው ንፋስ በረታ ብለው ይሰርዙታል። ጥር 2022 ላይ የጣሊያን ሳተላይት የጫነ ፋልከን 9 የተሰረዘው የመዝናኛ መርከብ የተከለከለው ባሕር ውስጥ ገብታ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ያን ቀን መስታወት! ግንቦት 2020 ጠፈርተኞች የጫነው ሊሄድ ሲል ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ መጥተው ቁጭ ብለው 17 ደቂቃ ሲቀረው በዳመና ምክንያት ቆመ፣ የሄደው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለፕሬዚዳንት ያልቆመ ዳመና ለኔና ላንተ አይቆምም።

ስለዚህ አንድ ሮኬት አትምረጥ፣ ጥሩ ሳምንት ምረጥ። በ2024 ብቻ ከዚህ ዳርቻ ከ90 በላይ ተተኩሷል፣ አራት ሌሊት ብትቀመጥ አንዱ ባይሆን ሌላው ይሆናል። ስታርሊንክ የሚባለውን የኢንተርኔት ሳተላይት የሚጭኑት ብዙ ጊዜ ዊንዶዋቸው (መተኮስ የሚቻልበት ጊዜ) ሰፊ ነው፣ ዛሬ በዚህ ሰዓት ካልሆነ ከሰዓታት በኋላ ይሞክራሉ። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄደው ግን ያቺ ሰከንድ ካለፈች በቃ፣ ሌላ ቀን ነው፣ ምክንያቱም ጣቢያው ራሱ እየሄደ ስለሆነ ምድር ዞራ እስክትገጥምለት መጠበቅ አለበት። አባትህ ፊዚክስ ካስተማሩ ይሄን ከኔ በተሻለ ይነግሩሃል።

ቦታን በተመለከተ ቲኬት ግዴታ አይደለም። እኛ ጋ ስፔስ ቪው ፓርክ የሚባል አለ፣ ወንዙ ዳር ነው (ኢንዲያን ሪቨር ይሉታል እንጂ ወንዝ አይደለም፣ የባሕር ኩሬ ነው)፣ ነፃ ነው፣ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ታጣፊ ወንበር ይዘህ አባትህን ማስቀመጥ ትችላለህ። ከፓርኩ እስከ ፓድ 40 (ፓድ ማለት ሮኬቱ የሚነሳበት መድረክ ነው) ወደ 23 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ፓድ 39ኤ ወደ 20 ነው። ሰው ሁሉ ማክስ ብሩወር ድልድይ ይልሃል፣ እውነት ነው ከላይ ሲታይ ያምራል፣ ግን አቀበቱን በእግር ነው የምትወጣው፣ ለጉልበት አይሆንም። ፕላያሊንዳ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ለ39ኤ በጣም ቅርብ ነው፣ ችግሩ በሩ ማታ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ለደህንነት ብለው ቀንም ይዘጉታል፣ ወደ አሸዋው ደግሞ በደረጃ ነው የሚወረደው። በደቡብ በኩል ጄቲ ፓርክ አለ፣ ለፓርኪንግ ይከፈላል፣ እንዲህ ያለ ቦታ ቀድሞ ስለሚሞላ በጊዜ መግባት ነው።

ሁለቴ ተመላሹ

የታይተስቪሉ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ 😅። አርቴሚስ 1ን (የናሳን የጨረቃ ሮኬት) ለማየት ነሐሴ 29፣ 2022 ሄድኩ፣ ጠዋት ላይ አንዱ ሞተር በበቂ አልቀዘቀዘም ብለው ሰረዙት። መስከረም 3 ቀን እንደገና ሄድኩ፣ ሃይድሮጅን አፈሰሰ ተባለ። ሁለቱንም ጊዜ ሆቴሉ "ተመላሽ የለውም" የሚለውን ርካሹን ዋጋ ስለቆረጥኩ አንድ ዶላር አልመለሰልኝም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ሳላነብ ነው የከፈልኩት። ኅዳር 16 ቀን (ቀኑ በፈረንጅ ነው) ሌሊት በኛ ሰዓት አቆጣጠር 7:47 ላይ ሮኬቱ ሽው ሲል እኔ የሌሊት ሽፍት ላይ ነበርኩ፣ በስልክ፣ ሽንት ቤት ተደብቄ አየሁት። እና ወንድሜ ዋጋው ከፍ ቢልም እስከ መጨረሻው ቀን ካንስል የሚደረገውን ክፍል ያዝ። ሥራ ቦታህም ዓርብ እመለሳለሁ ብለህ አፍህን ሞልተህ አትናገር።

ዘግይቶ ደራሽ

አንድ ነገር ማንም አላነሳም፣ ሰዓቱ! አንዳንድ አፕ የሚያሳየው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። እኔ ሐሙስ 02:30 የሚለውን አይቼ ሐሙስ ሌሊት ነው ብዬ ሐሙስ ከሰዓት ተነስቼ ሄድኩ፣ ለካ በፍሎሪዳ በጋ ሰዓት ረቡዕ ማታ 10:30 ማለት ነው፣ ስደርስ ሮኬቱ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሆኖታል 🤦 እዚያ ላይ ሚስቴ በሐበሻ አቆጣጠር አራት ተኩል ነው ስትል እኔ በፈረንጅ እየሰማሁ ሌላ ድብልቅልቅ። አፕህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የፍሎሪዳ ሰዓት መሆኑን አረጋግጥ፣ ለአባትህ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ጽፈህ ስጣቸው።

ከፋዩ

በነፃው ጉዳይ ትንሽ ልቃወም። እኔ ከኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ቲኬት ገዝቼ ነው ያየሁት፣ አልጸጸትም። የሳተርን 5 (ሰው ወደ ጨረቃ የወሰደው ሮኬት) አዳራሽ አጠገብ ያለው ሜዳ ከ39ኤ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 6 እና 20 አንድ አይደሉም፣ ድምፁ ደረትህ ላይ ነው የሚመጣው፣ ሸሚዝህ ሲርገበገብ ይታወቅሃል። መቀመጫ አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ለሽማግሌ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

የታይተስቪሉ

ከፋዩ ልክ ነህ፣ ግን ያን ሜዳ ለሁሉም ሮኬት አይከፍቱትም፣ በተለይ ለተራው ስታርሊንክ። ደግሞ ከፓድ 40 የሚሄድ ከሆነ ያ ቅርበት የለም። ቢሰረዝ ቲኬቱ ምን እንደሚሆን ከመክፈል በፊት ይነበብ። የኔ ሐሳብ ገንዘቡን እዚያው ኬኔዲ ማዕከል ላለው ሙዚየም ቀን ማዋል ነው፣ ሮኬቱ በተሰረዘ ማግስት ይሂዱ። እውነተኛው ሳተርን 5 እዚያ ተጋድሟል፣ 110 ሜትር ነው፣ ከሞተሮቹ ጫፍ እስከ አፍንጫው እየሄድክ ታየዋለህ፣ ለመምህር ሰው ይሄ ብቻውን ያስመጣል። ዊልቸር ጠይቅላቸው፣ ቦታው ሰፊ ነው።

የመምህሩ ልጅ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! በመጀመሪያ ሴት ነኝ 😀 ወንድሜ ወንድሜ እያላችሁ አሳደጋችሁኝ። ፕላኑን ቀይሬ ከረቡዕ እስከ እሁድ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ካንስል የሚደረግ ክፍልም ይዣለሁ። አባዬ ይሄን ሁሉ ሳነብለት ወረቀት አምጪ አለኝና 23 ኪሎ ሜትር ለ340 አካፍሎ "ድምፁ 68 ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል" ብሎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። አሁን የቀረኝ ፎቶ ነው፣ በስልክ ይወጣል? ባይኖኩላርስ ልግዛ?

ማንሻው

እህቴ የመጀመሪያሽ ከሆነ አትቅረጪ። እኔ ካሜራ ሥራዬ ነው፣ የመጀመሪያውን ሮኬት ያየሁት በአራት ማዕዘን መስታወት ውስጥ ነው፣ ያገኘሁትም ነጭ ነጥብ ነው፣ ስልክ ብርሃኑን ስለማይችለው እሳቱን ሁሉ ነጭ ያደርገዋል። የግድ ካልሽ ስልኩን ትንሿ ትራይፖድ ላይ አቁመሽ ወደ አባትሽ ፊት አዙሪው፣ የሮኬቱን ቪዲዮማ ከኛ የተሻለ የሚያነሳ ሞልቷል። ባይኖኩላር 7 በ50 ወይ 10 በ50 የሚለው ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን የታችኛው ክፍል ሲለያይ ማታ ላይ በግልጽ ይታያል፣ እሳቱ ይጠፋና ትንሽ ቆይቶ ሌላ ይበራል፣ አባትሽ ያን እንዳያመልጣቸው። ጀምበር ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ አካባቢ ቢተኮስማ ዕድለኞች ናችሁ፣ እናንተ ጨለማ ውስጥ ሆናችሁ ጭሱ ላይ ላይ ፀሐይ ስለሚያገኘው ሰማዩ ላይ ጄሊፊሽ የመሰለ ነገር ይዘረጋል።

ሌላ፣ ላይቭ ስርጭቱን አትመኚ፣ ከእውነተኛው ብዙ ሰከንድ ይዘገያል፣ ስልኩ "አሥር ዘጠኝ" ሲል ሮኬቱ ተነስቶ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ ይሞታል። ላይቩ የሚጠቅመው 35 ደቂቃ ሲቀረው ነዳጅና ኦክስጅን መሙላት ጀመሩ ወይስ አልጀመሩም የሚለውን ለማወቅ ነው፣ ከጀመሩ ወንበራችሁን አውጡ። ትንኝ መከላከያ አትርሺ፣ እዚያ ሰፈር "የትንኝ ኩሬ" ተብሎ የተሰየመ ውሃ አለ፣ ስሙን በከንቱ አላገኘውም።

የመምህሩ ልጅ

ተመልሰናል! ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

ሐሙስ ማታ ተሰረዘ፣ የላይኛው ንፋስ ተባለ፣ ወንዙ ዳር ግን እውነትም ቅጠል አይንቀሳቀስም። አባዬ ይናደዳል ብዬ ስፈራ ጭራሽ ደስ ብሎት "ጥንቃቄ ያላቸው ሰዎች ናቸው" አለኝ። ዓርብ ሙዚየም ሄድን፣ ሳተርን 5 ሥር ያለ አንድ አስጎብኚ ሽማግሌ ጋር በጣታቸውና በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ሰዓት ስለ ሞተር ሲያወሩ እኔ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ዓርብ ሌሊት ሄደ። ከተቀመጥንበት ከውሃው ማዶ መጀመሪያ አንድ ብርቱካናማ ብርሃን ብቻ ነው የበራው፣ ዝም ያለ፣ ምንም ድምፅ የለም፣ ዳመናው ከታች ቀን መሰለ፣ ውሃው ላይ እስከ እግራችን ድረስ የብርሃን መንገድ ተዘረጋ። አጠገባችን ያለው ሕዝብ ይጮሃል። አባዬ አይጮህም፣ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ "ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሦስት" እያለ ነው፣ ልነካው ስል በእጁ ዝም በይ አለኝ። 66 ላይ መጣ፣ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ከዚያ ብዙ ሰው አንድ ላይ ወፍራም ጨርቅ እንደሚቀድ። ሮኬቱ እኮ ያኔ የት ደርሷል! ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ አንገቱን አቅንቶ ቆየና ዞር ብሎ "ሁለት ሰከንድ አጎደልኩ" አለኝ። መኪና ውስጥ ሙሉ መንገድ ሲያስብ ቆይቶ ሆቴል በር ላይ "ሙቀቱን ረስቼው ነው፣ በሞቀ አየር ድምፅ ይፈጥናል፣ እዚህ 28 ዲግሪ ነው 340 ማለት የለብኝም ነበር" ብሎ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሆቴሉ ወረቀት እንደገና አሰላው። 66 ወጣ።

ማንሻው፣ ስልኩን እንዳልከኝ ወደ ፊቱ አዙሬ ነበር። ያለው ነገር ከንፈሩ ሲቆጥር ብቻ ነው፣ ግን ለወንድሞቼ ሁሉ ልኬዋለሁ።

አሁን ችግሩ ስልኬን ቀምቶ አፑን ራሱ ማየት ጀምሯል፣ ከመመለሱ በፊት ታችኛው ክፍል ወደ መሬት ተመልሶ የሚያርፍበት አንድ አለ፣ ስምንት ደቂቃ ቆይቶ ሲያርፍ የሚሰማውን ፍንዳታ ልቁጠር ይለኛል። እኔ ፈቃድ ጨርሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአትላንታ የሚወርድ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ቤንዚን በኔ ነው፣ አባዬ ወንበሩንና ትራይፖዱን ይዞ ይመጣል።