ስም የማይጻፍበት ውል፦ የኪዮቶው ቶሴ እንዴት ኖረ?

ጥያቄ፦ የሽምብጡ

ጤና ይስጥልኝ። እኛ አራት ሆነን ባሕር ዳር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳንርቅ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ፕሮግራም እየጻፍን የምንተዳደር ነን። ሦስታችን ፖሊ አብረን ተምረናል። አራተኛዋ ሥዕሉን የምትሠራልን እህታችን ናት፤ ያወቅናት ጣና ዳር ለጎብኚዎች የብራና ሥዕል ስትሸጥ ነው። ከእያንዳንዱ ብራና ታችኛው ጥግ ላይ ስሟን በቀይ ቀለም ሳታሰፍር አትሸጥም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ድርጅት በስልክ የሚጫወቱት ገበጣ ሠርተን አስረከብን። ጠጠሩ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ለመቅዳት ከአያቴ ቤት የእንጨት ገበጣ አምጥተን፣ ባጃጆች ከመንገድ እስኪገቡ ጠብቀን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር የቀዳነው። ጨዋታው ሲወጣ «አዘጋጆች» በሚለው ገጽ ላይ የሰፈረው የድርጅቱ ባለቤትና የሁለት ሠራተኞቹ ስም ብቻ ሆነ። ሠዓሊያችን ስልኩን ለእናቷ ልታሳይ ይዛ ሄዳ ነበር። እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡና «የአንቺስ የቱ ጋ ነው ልጄ?» አሏት።

አሁን ከሌላ ድርጅት አዲስ ውል መጥቷል። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስማችን በየትኛውም ቦታና ጊዜ እንደማይጠቀስ ተጽፏል። ክፍያው የዓመት የቤት ኪራያችንን ይሸፍናል። ሁለታችን እንፈርም ስንል ሁለቱ እምቢ ብለዋል። በዚህ መሀል አንድ ጓደኛችን ቶሴ የሚባል የጃፓን ድርጅት ከ40 ዓመት በላይ ስሙን ሳያወጣ ለሌሎች ጌም እየሠራ እንደኖረ ነገረን። እውነት ነው? ከሆነስ በምን ዘዴ ኖረ? የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልን፤ እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብን።

መልስ፦ ባለ ጌም ቤቱ

ወንድሜ፣ እውነት ነው። እኔ ቀበሌ 14 ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ጌም ቤት ነበረኝ፤ የቶሴን ስም ሳልሰማ በቶሴ ሥራ እንጀራ በልቻለሁ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደንበኛ ነበረኝ። ሌሎቹ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እሱ ጥግ ያለችውን ቴሌቪዥን ይዞ፣ ጉልበቱ ላይ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ክሮኖ ትሪገርን ይጫወታል። የማያውቀው ቃል ሲመጣ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ይፈልጋል። ሰዓቱ ቢያልቅበት እንኳ የጀመረውን ንግግር አንብቦ ሳይጨርስ አይነሣም፤ እኔም አላስነሣውም ነበር። ያ ጨዋታ መጀመሪያ በ1995 ሱፐር ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ ጌም ማሽን የወጣ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1999 ወደ ፕሌይስቴሽን ያሻገረው ቶሴ መሆኑን ያወቅሁት ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሲዲው ሽፋን ላይ የማየው የአሳታሚውን፣ ጨዋታውን ለገበያ የሚያወጣውን ድርጅት፣ ስም ነበራ!

ድርጅቱ በኖቬምበር 1979 ኪዮቶ ውስጥ ተቋቋመ፤ ቶአ ሴይኮ ከሚባል ኩባንያ ተከፍሎ የወጣ ነው። የጀመረው በሳንቲም በሚሠሩ የጨዋታ ማሽኖች ነው። ሥራ የጎረፈለት ግን ኒንቴንዶ በ1983 ፋሚኮም የሚባለውን የቤት ጌም ማሽን ካወጣ በኋላ ነው። እንደ ባንዳይ ያሉ የአሻንጉሊት ኩባንያዎች ሕፃናት የሚወዷቸውን የካርቱን ጀግኖች የመጠቀም መብት በእጃቸው ነበር፤ ጨዋታውን የሚጽፍላቸው ባለሙያ ነበር የሚፈልጉት። ቶሴ በ1985 ኪኒኩማንን፣ በ1986 ድራጎን ቦልን ለፋሚኮም ሠራላቸው። ከዚያ በኋላ በ1998 ድራጎን ኩዌስት ሞንስተርስን ሠራ፤ የድሮዎቹን ፋይናል ፋንታሲዎችም ለአዳዲስ መሣሪያዎች ደግሞ አዘጋጀ። ዛሬ ቁጥሩ ከ1,000 ጨዋታ በላይ ነው። ቻይና ውስጥ በሻንጋይና በሃንግዡ ቅርንጫፍ ከፍቷል፣ አክሲዮኑም በቶኪዮ ገበያ ይሸጣል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ቶሴ ስሙ እንዳይጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ራሱ ነው፤ ኃላፊዎቹም ይህንን በግልጽ ተናግረዋል። ምክንያቱ ገበያ ነው። በገበያ የሚፎካከሩ ሁለት አሳታሚዎች ሥራቸውን ለአንድ ቤት የሚሰጡት የአንዱ ምሥጢር ለሌላው እንደማይደርስ ሲያምኑ ብቻ ነው። ቶሴ ይህንን ዝምታ እንደ አንድ ዕቃ ዋጋ አውጥቶለት ሸጠ። በምላሹም ከሥራው ክፍያ ሌላ፣ በብዙ ሥራዎች ላይ ጨዋታው በተሸጠ ቁጥር የሚታሰብ ድርሻ ያገኛል፤ ሮያሊቲ የሚሉት ነው። አንዱ ጨዋታ ቢከስር ዋናው ኪሳራ የአሳታሚው ነው፣ ቢሸጥ ግን ለቶሴም ይደርሰዋል። ሥራውም በብዙ ደንበኞች ላይ የተበተነ ስለሆነ አንዱ ቢሄድ ሌላው አለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ወጣ ብሏል። በ2002 ስታፊ የምትባል ትንሽ ኮከብ ባሕር ውስጥ እየዋኘች የምትሄድበትን ጨዋታ በእጅ ለሚያዘው የኒንቴንዶ ማሽን፣ ለጌም ቦይ አድቫንስ፣ ሠራ። እዚያ ላይ የባለመብትነቱ ምልክት የኒንቴንዶንና የቶሴን ስም ጎን ለጎን ይዟል። አምስት ክፍል ወጥቶላታል፤ አምስተኛው በ2009 አሜሪካም ደርሷል። እኔ ይህችን ኮከብ እወዳታለሁ። ሃያ ዓመት በሰው ስም የሠሩ እጆች የወለዷት ስለሆነች ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስድስተኛው ገጽ አያስፈራኝም። በውላችሁ ላይ ከሽያጩ ድርሻ አለ ወይ?

መልስ፦ ውል አርቃቂዋ

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራዬ ውል ማርቀቅ ነውና። ከስሙ በፊት የኮዱ፣ ማለትም የምትጽፉት ፕሮግራም፣ ባለቤት ማን እንደሚሆን አንብቡ።

ዶንኪ ኮንግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1981 ሲወጣ የሐሳቡ ባለቤት የኒንቴንዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ ነበር፣ ፕሮግራሙን በኮንትራት የጻፈው ግን ኢኬጋሚ ቱሺንኪ ነው፤ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ካሜራ የሚሠራ ድርጅት። መሐንዲሶቹ በፕሮግራሙ ውስጥ፣ ተጫዋች ፈጽሞ በማያየው ቦታ፣ መልእክት ደብቀዋል፦ ይህን ፕሮግራም ስትመረምር ከከበደህ እናስተምርሃለን የሚል፣ የድርጅቱን ስምና የስልክ ቁጥር የያዘ። የማሽኑን ማኅደር ከፍቶ ፊደል በፊደል ለሚያነብ ሰው ብቻ የተጻፈ ነው። ሳነበው ዕንባዬ መጥቷል።

በሚቀጥለው ዓመት ዶንኪ ኮንግ ጁኒየር ወጣ። ኒንቴንዶ የመጀመሪያውን ፕሮግራም በሌላ ድርጅት አስመርምሮ ነበር ያሠራው። ኢኬጋሚ የኮዱ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ በ1983 ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በ1990 ነው። ሰባት ዓመት! ባለቤትነቱ ገና ሲዋዋሉ ተለይቶ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ሁሉ ዓመት ለምን ያልቅ ነበር?

የሽምብጡ

ባለ ጌም ቤቱም፣ ውል አርቃቂዋም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማታውኑ አራታችንም ተሰብስበን ውሉን እንደገና አነበብነው። ከሽያጭ የሚታሰብ ድርሻ የለም። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ደግሞ የምንጽፈው ኮድ፣ የምንስለው ሥዕል፣ ለሥራው ብለን ያዘጋጀነው ማናቸውም መሣሪያ ሁሉ ለዘለዓለም የእነሱ ይሆናል ይላል። የገበጣውን የጠጠር አቆጣጠር የጻፍንበት ኮድ፣ ለአዲሱም ሥራ ልንጠቀምበት ያሰብነው፣ እሱም አብሮ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ በስድስተኛው ገጽ ስንጣላ ዘጠነኛውን አንዳችንም ልብ አላልነውም ነበር።

መልስ፦ ከዓባይ ማዶ

ልጆች፣ ስለ ገንዘቡም ስለ ኮዱም የተባለው ትክክል ነው፤ የእናትየው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

ሃል ላቦራቶሪ የሚባል ሌላ የጃፓን ድርጅትም በ1980 ተቋቁሞ ለኒንቴንዶ በኮንትራት ይጽፍ ነበር። ወጣቱ ሳቶሩ ኢዋታ ጎልፍና ፒንቦል የሚባሉትን ጨዋታዎች የሠራው እዚያ ነው። ድርጅቱ በ1992 ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ፤ 1.5 ቢሊዮን የን ገደማ ነበር። በ1993 ኢዋታ በ33 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ዕዳውን በስድስት ዓመት ከፈለ። በዚያ ክፉ ዓመት በእጃቸው የነበረው ምን ነበር? ማሳሂሮ ሳኩራይ የፈጠረው ኪርቢ፣ ያ ክብ ፍጥረት። ጨዋታው በዚያው በ1992 ወጥቶ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ መብቱም ላይ የሃል ስም አለበት።

ለሰው ሥሩ፤ ኪራይ መከፈል አለበት። ግን ከሳምንቱ አንድ ቀን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ያቺ ልጅ በዚያ ቀን የምትስለው ጥግ ላይ በቀይ ስሟ ይስፈርበት።

የሽምብጡ

ጋሼ፣ ይህንን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስድስተኛውን ገጽ ትቀበላለች፤ ዘጠነኛው ከተቀየረና ከሽያጩ ድርሻ ከገባ። ሌሎቻችንም ተስማምተናል። ቀድሞ የነበረን ኮድ የእኛው ሆኖ እንዲቀር የሚል አንቀጽ ጽፈናል፤ ውል አርቃቂዋ ነገ ታየዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜን ለራሳችን አድርገናል። የአያቴን ገበጣ ልመልስ ነበር፣ ሠዓሊያችን «ይቆይ» አለችኝ። ዓርብ የሚሉንን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።