ካብ ውስጥ ያገኘሁት ፌንጣ መሳይ ነገር አዲስ ዝርያ ይሆን?

የጎረቤላው ቲቸር፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንኮበር፣ ጎረቤላ ሳይንስ አስተምራለሁ። የወላጆቼ ቤት ወፍ ዋሻ ደን ዳር ነው። ባለፈው ቅዳሜ እነሱ ዘንድ አድሬ ነበር። ከእራት በኋላ ከጓሮው ካብ ውስጥ «ጥዝዝ… ጥዝ ጥዝ… ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። «ውርጭ ሊጥል ሲል ዝም ይላል» አለችኝ።

የስልኬን ባትሪ አብርቼ ፍለጋ ገባሁ። አባቴ ከበር ላይ ሆኖ «ካቡን ብታፈርስ የምትክበው አንተ ነህ» አለኝ። አፈረስኩት። ከሦስተኛው ድንጋይ ሥር አንድ ያዝኩና ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከተትኩት።

መልኩ እንደ ገብስ ቆሎ ቡናማ ነው። ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንቴናው ቀጭን ሆኖ የሰውነቱን እጥፍ ይረዝማል። ክንፉ ግን የሸሚዝ ኮሌታ ታህላለች፣ ወገቡ ላይ እንኳን አትደርስም። አይበርም፣ ይዘላል።

ሰኞ ክፍል ይዤው ገባሁ። አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ምንድን ነው?» አለች። «ፌንጣ» አልኳት። «ፌንጣማ ቀንዱ አጭር ነው። ደግሞ ቀን ነው የሚጮኸው» ብላ አፌን አስያዘችኝ። ሁለት ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ የሚመስለውን አጣሁ። አዲስ ዝርያ ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል? ፎቶ ይበቃል? ስሙንስ ማን ያወጣል?

የመሐል ሜዳው፦

ቲቸር፣ ዳግም አረቄ ውስጥ ዘፍዝፈህ ለምርምር ደብረ ብርሃን ላከው። መንገድ ላይ ጠርሙሱ ባዶውን ካልቀረ ማለቴ ነው።

የነፍሳት ሳጥን፦

ሥራዬ ነፍሳት መሰብሰብና መለየት ስለነበር ትንሽ ላስረዝም። መጀመሪያ ነገር፣ ተማሪህ ልክ ናት። ተራው ፌንጣና አንበጣ ባለ አጭር አንቴና ናቸው፣ ጆሯቸውም ሆዳቸው ጎን ላይ ነው። ያንተው ከሌላው ወገን ነው። እነሱ የሚሰሙት በፊት እግራቸው ነው። ከጉልበቱ ዝቅ ብለህ በማጉያ መነጽር ብታይ ቀዳዳ ወይም ስስ ሽፋን ታገኛለህ።

ይህ ወገን ራሱ ዋና ዋና ሁለት ጎራ አለው። የእግሩን መዳፍ አንጓዎች ቁጠር። ሦስት ከሆኑ ክሪኬት የሚሉት ነው፣ አራት ከሆኑ ካቲዲድ የሚሉት። ክንፉንም እይ። የክሪኬት ቀኝ ክንፍ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ይደረባል፣ የካቲዲድ ደግሞ ግራው። ድምፁ የሚወጣው አንዱን ክንፍ በሌላው ሲፈገፍግ ነው፣ ጮኺውም በአብዛኛው ወንዱ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ክንፉ አጭር የሆነው ገና ስላላደገ ቢሆንስ? በዚህ ስንቱ ተሸውዷል! ጫጩቱም ኮሌታ የምታህል ክንፍ ነው ያለው። ሲጮኽ በዓይንህ አይተኸዋል? ጫጩት አይዘፍንም። ሰምተህ ብቻ ከሆነ ግን ጮኺው ሌላ፣ የተያዘው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አዋቂ ነው እንበል። ኢንተርኔት ላይ አጣሁት ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የተሰበሰበ ናሙና አውሮፓ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ስም ተለጥፎበት ተቀምጦ ይሆናል። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1758 ጀምሮ ነው፣ መጀመሪያ የወጣለት ስም ነው የሚጸናው። ከባዱ ሥራ ካቡ ሥር ሳይሆን እዚያ መሳቢያ ላይ ነው።

ፎቶ ብቻውን ሙግት ያመጣል። አንድ ናሙና ተመርጦ የስሙ መያዣ ይሆናል፣ ሆሎታይፕ ይሉታል። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታና የሰብሳቢው ስም ተጽፎበት ሙዚየም ይቀመጣል። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ጠይቅ። የወንዱ ጅራት ላይ ያሉት ሁለት መቆንጠጫ መሳዮች ቅርፅ ዝርያን ከዝርያ ይለያል፣ ስለዚህ ጫፉን እንዳትጎዳው። ሴቷንም ፈልግ። እንቁላል መጣያዋ እንደ መርፌ ወይም እንደ ጎራዴ ከኋላዋ ወጥቶ ታየዋለህ።

በአረቄው ስቄያለሁ፣ ግን ዳግሙም 70 በመቶ አይሞላም። ለዲኤንኤ ከሆነ 96 በመቶ አልኮል ነው የሚፈለገው። ድምፁን ስትቀዳ የአየሩን ሙቀት ጻፍ፣ ሲበርድ ጩኸቱ ይዘገያልና። እናትህ ስለ ውርጩ ያሉት እውነት ነው። የካቲዲድ ድምፅ ከፊሉ ለሰው ጆሮም ለስልክም ስለሚቀጥን፣ የቀዳኸው ሙሉው ላይሆን ይችላል።

ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ከብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አዋጅ 482/1998ን ተመልከት። ደኑ ውስጥ ገብተህ ከመሰብሰብህ በፊትም አስፈቅድ። ስሙን የሚያወጣው መግለጫውን ጽፎ የሚያሳትመው ሰው ነው። በራስ ስም መሰየም ግን ነውር ነው።

የደብረ ሲናዋ፦

«አዲስ ተገኘ» ሲባል እኔን ያስቀኛል። የአንኮበርን ትንሿን ወፍ ሳይንስ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ገደሉ ላይ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ሳያያት ቀርቶ ነው? ቲቸር፣ እናትህ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቅና ያንን ጻፍልን።

የጎረቤላው ቲቸር፦

ጋሼ ሳጥን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። መዳፉ አራት አንጓ ነው፣ ከላይ የተደረበው ግራ ክንፉ ነው። የእግሩን ጆሮ ያገኘችው ያችው ተማሪ ናት፣ እኔ አላየሁትም ነበር።

ሲጮኽ አይተኸዋል ላሉኝ፣ ያኔ አላየሁትም። ትናንት ማታ ጠርሙሱን አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩና መብራት አጠፋሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ «ጥዝዝ» አለ። ቀስ ብዬ ባትሪ አበራሁ። ያቺ ኮሌታ ክንፍ ትርገበገብ ነበር። ስለዚህ ጫጩት አይደለም።

እህቴ፣ እናቴን ጠየቅኳት። «የካብ ጯሂ ነዋ፣ ሌላ ምን ይባላል?» አለች።

ቅዳሜ ለሴቷ እወጣለሁ። አባቴ ደውሎ መጀመሪያ ካቡን ብሏል።