የክሬሸር አቧራ ወንጀል ነው ወይስ በሽምግልና የሚያልቅ ነገር?

የገበሬ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ወላጆቼ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ይኖራሉ። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እነሱ እሄዳለሁ። ካቻምና ከማሳችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ድንጋይ መፍጫ ተተከለ። ክሬሸር የምንለው ማለቴ ነው፤ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ያመርታል። መንገዱን እኛም እንፈልገዋለን፤ በእሱ የተጣላ የለም። ግን ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ አቧራው ቁልቁል ወርዶ ቤት ይገባል።

እናቴ አክንባሎውን በጨርቅ ሳትጠርግ ምጣድ አትጥድም። በርበሬ ሰሌን ላይ ማስጣት ከተወች ቆየች። ማታ ማታ ያስላታል። ከዚህ በፊት ሳል የማታውቅ ሰው ናት።

ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አባቴ ዘንድሮ ጤፉን ገበያ ይዞ ወጣ። ነጋዴው ከጆንያው ቆንጠር አድርጎ በጥርሱ ፈጨት አደረገውና «አያ፣ ይኼስ ድንጋይ አለው» ብሎ መለሰለት። አባቴ አውድማውን በእበት ለቅልቆ፣ ጠርጎ፣ ዶሮ እንኳን የማያስጠጋ ሰው ነው። በጤፉ ጥራት አገር ያውቀዋል። ያን ቀን ጆንያውን እንደጫነ ተመለሰ፤ እስኪመሽ አንድ ቃል አልተናገረም።

ቢሮ ሄደን አመለከትን። «ኢንቨስትመንት ነው፤ በእርቅ ጨርሱት» አሉን። አሁን ድርጅቱ ሽማግሌ ልኳል። ለየቤቱ ገንዘብ እንሰጣለን፣ እናንተም ፈርሙ ይላል። አባቴ ሽማግሌ እምቢ ማለት ከብዶታል።

እና ጥያቄዬ፦ አየር መበከል በእኛ ሕግ ወንጀል ነው? ሰው ይታሰርበታል? ገንዘቡን ከተቀበልንስ ነገሩ በዚያው ያበቃል?

ጠበቃ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ የጆንያው ነገር ልቤን ነካው። ወደ ጥያቄሽ ልግባ።

ወንጀል ነው። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519 ተመልከቺ። ሕግ ተላልፎ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀ ሰው እስከ 10,000 ብር መቀጮ ወይም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ብክለቱ በሰው ጤና ወይም ሕይወት ወይም በአካባቢው ላይ ከባድ ጉዳት ካስከተለ ጽኑ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ (ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ የሚጠናበት ማለት ነው) የሚያስፈልገውን ሥራ ያለ ፈቃድ የጀመረ ደግሞ በአንቀጽ 521 እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት አለበት።

ከዚያ የብክለት ቁጥጥር አዋጁ አለ፤ ቁጥር 300/1995። የወንጀል ሕጉ የከበደ ቅጣት ካላስቀመጠ በቀር፣ አዋጁን የጣሰ ድርጅት ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ይቀጣል። ኃላፊው ራሱም እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ገንዘቡ ዛሬ ለአንድ ክሬሸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥራ አስኪያጁን የሚያስደነግጠው በግሉ መጠየቁ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አቧራ ስለታየ ብቻ ወንጀል ተፈጸመ አይባልም። «ሕግ ተላልፎ» የሚለው መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ የተፅዕኖ ግምገማ ሰነዱን ጠይቁ። በአዋጅ 299/1995 መሠረት ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ውሃ እረጫለሁ፣ ማጓጓዣውን እሸፍናለሁ ብሎ ፈርሞ ከሆነና ካላደረገ፣ መነሻችሁ እሱ ነው።

ሽምግልናውን በተመለከተ፣ ለደረሰባችሁ ኪሳራ በእርቅ ካሳ መቀበል ትችላላችሁ፤ ነውር የለውም። አንቀጽ 519 ግን የግል አቤቱታ ካልቀረበ የማይከሰስበት ወንጀል አይደለም። እናንተ ብትታረቁም ዐቃቤ ሕግ መክሰስ ይችላል። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ግን አባትሽ እንዳይፈርሙ። ነገ ሌላ ኪሳራ ቢደርስ ይኼ ወረቀት እጃቸውን ያስራል።

የቡሬው

እኛ ሰፈር ጎማ እያነደደ ጡብ የሚተኩስ ነበር። ጭሱ ጥቁር ነው፤ ልብስ ላይ ቅባት ይተዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ጮኸን። የሚሰማን አልነበረም፤ ለምን ብትሉ የሚጨበጥ ነገር አልያዝንም።

በኋላ አንድ ጎረቤታችን ደብተር ገዛ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ማን ቤት እንደገባ ይጽፋል። ሌላው ማታ ነጭ ሳህን ጣሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ጠዋት ከነጥላሸቱ ፎቶ ያነሳዋል። ልጆቹ ሲታመሙ ጤና ጣቢያ ወስደን ካርድ እናወጣለን፤ ቤት ውስጥ ብቻ አናክምም። በሦስተኛው ወር ተቆጣጣሪዎች መጡ። ደብተሩን ሲያዩ አነጋገራቸው ተቀየረ። ማንም አልታሰረም፤ ጎማ ማንደድ ግን ቆመ።

እናትሽን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ካርዱ ላይ ቀን ይጻፍ።

ከዴንቨር

እዚህ አሜሪካ ገልባጭ መኪና እነዳለሁ፤ የጠጠር ማምረቻ ጊቢ ውስጥ ነው የምውለው። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ እያወቀ የጣሰውን ሰው እስከ 5 ዓመት ያስራል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣሉን እያወቀ አደገኛ በካይ ከለቀቀ ደግሞ እስከ 15 ዓመት። ግዛቶቹም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ነገሩ ያለው «እያወቀ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ጊቢ ኃላፊው የውሃ ቦቴው ሳይመጣ ማሽን አያስነሳም፤ መዝገብ ላይ ይፈርማል። በስሙ እንደሚጠየቅ ያውቃላ።

ጠበቃ (ባሕር ዳር)

የዴንቨሩ ወንድማችን ያነሳው እኛም ዘንድ አለ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 59 መሠረት በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። 519 ደግሞ ስለ ቸልተኝነት አይናገርም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «አላወቅሁም» እንዳይል አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁት። ቀን ይኑረው፤ የተቀበለው ሰው ይፈርምበት። ጉዳቱ እንደሚደርስ ተነግሮት፣ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ከቀጠለ ሕጉ እንደ ሆን ብሎ አድራጊ ነው የሚያየው።

አቤቱታውን ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገቡ። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነክቷል ማለት ሳያስፈልገው፣ ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። ፖሊስ ዘንድ ማመልከትም ይቻላል።

የጤፉን ኪሳራ ደግሞ አትርሱት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ይዞታ በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታና በድምፅ ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው የሚቀርበው። ካቻምና ተተከለ ብለሻል፤ ቀኑን ቁጠሪ።

የገበሬ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ጠበቃችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያነበብኩትን ቅዳሜ ለአባቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማና «ታዲያ ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጠላ ተቀዳላቸው። አባቴ ተነስቶ «የላካችሁት ሰው ገንዘቡን ይያዘው። ድንጋዩ ሲፈጭ ውሃ ይርጭበት፣ መኪናው ሸራ ይልበስ። ይህን አድርጎ ይምጣና እንታረቃለን» አላቸው። አንደኛው ሽማግሌ የራሱም ማሳ እዚያው ሥር ነው፤ ራሱን ነቀነቀ።

ደብዳቤውን ሰኞ አስገባን። ሰባት አባወራ ፈርሟል። የጊቢው ጥበቃ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ በኋላ የቢሮ ጸሐፊዋ ቅጂው ላይ ፈርማ ቀን ጻፈችበት። የክልሉንም ማመልከቻ በዚያው ሳምንት ልኬያለሁ። እናቴ ካርድ አውጥታለች።

ነጩን ሳህን ዛሬ ጠዋት አየሁት፤ ማታ በጎተራው ክዳን ላይ አስቀምጬው ነበር። በጣቴ ስሜን ጻፍኩበት፤ ይነበባል። ፎቶውን አንስቼ ቀኑን ደብተሩ ላይ አሰፈርኩ። የጤፉን ኪሳራ ለማስረዳት ግን የገበያው ነጋዴ ምስክር መሆን ይችላል? ወይስ ጤፉን የሚመረምር ቦታ ልውሰደው? ከጆንያው አንድ ጣሳ አስቀርቻለሁ።