ጀልባ መሆኑ የማያስታውቅ የጀልባ ፎቶ ማንሳት ፈልጌ አልሆነልኝም፣ ምን እያበላሸሁ ነው?

ናቲ_ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ፎቶ ወዳዶች እንዴት ከረማችሁ። እኔ ቨርጂንያ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ኡበር ነው የምሰራው፣ እና ጠዋት ዲሲ ዋርፍ አካባቢ ሰው አድርሼ ቀጣዩ ጥሪ እስኪመጣ ካሜራዬን ይዤ ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ዳር ወረድ እላለሁ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ሙሉ ጀልባ ከነሰማዩ ነበር የማነሳው፣ አሁን እሱ ሰለቸኝና የተላጠ ቀለም፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ ውሃው ላይ የሚወዛወዘው ቀለም፣ ብቻ አብስትራክት የሚባለውን አይነት ልሞክር ብዬ ይኸው ወር ሆነኝ፣ አልመጣ አለኝ። ውሃው ጥቁር ዝም ያለ ነገር ሆኖ ይወጣል፣ በአይኔ ያየሁት ቀለም የለም። ነጩ ጀልባ ግራጫ ይሆናል። ከቀረብኩ ደግሞ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው የለጠፈው ማስታወቂያ ይመስላል፣ ባለቤቴ አንዱን አይታ «ስንት ነው የሚሉት?» አለችኝ በቃ ሞራሌ ወደቀ 😂

ካሜራዬ ሶኒ ኤ6000 ነው፣ ሌንሱ 55-210፣ ውሃ ለማንሳት የግድ ነው ብለውኝ ፖላራይዘር የሚባለውን ሌንስ ጫፍ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ገዝቼ ከሌንሱ ላይ አውልቄው አላውቅም። ሌላ ሌንስ ግዛ እንዳትሉኝ ብቻ።

ቤቲ_ሌንስ

ናቲዬ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ፣ አውልቄው አላውቅም ያልከው ነው ጉዱ 😅 ፖላራይዘር ስራው ነጸብራቅ ማጥፋት ነው፣ አንተ ደግሞ የምትፈልገው ነጸብራቁን ነው! ውሃው ላይ ያለው ቀይና ሰማያዊ በሙሉ ነጸብራቅ ነው፣ እሱን ስታጠፋው የሚቀርልህ የፖቶማክ ጭቃማ ውሃ ነው። በተለይ ውሃውን ከአግድመት 37 ዲግሪ አካባቢ ወደ ታች ስታየው ማጣሪያው ከሁሉም በላይ ይሰራል፣ ከመራመጃው ቆመህ ትንሽ ራቅ ያለ ውሃ ስታነሳ ደግሞ እዛው አካባቢ ነው የምትሆነው። በዛ ላይ ብርሃኑን ከግማሽ በላይ ይበላብሃል።

ግን ጥለኸው እንዳትሄድ። ቀለበቱን እያዞርክ በስክሪኑ እየው፣ አንዱ ጋ ነጸብራቁ ይሞታል፣ ሩብ ዙር ስታዞረው ደሞ ጭራሽ ደምቆ ይመጣል። ለተቀባ ጎንና ለፋይበር ግላስ ይጠቅማል፣ ቀለሙ ላይ ያለውን ነጭ ማብረቅረቅ ሲያነሳልህ ስንጥቁና ልጣጩ ይወጣል። ያልተቀባ ብረት ላይ ግን እምብዛም አትልፋ፣ የብረትን ነጸብራቅ እንደ ውሃው አያጠፋውም።

አሮጌው_ኒኮን

ቤቲ ትክክል ነሽ፣ እኔ ደግሞ ስለ ብርሃን አቅጣጫው ልጨምር፣ እዚሁ ሜሪላንድ ስለሆንኩ ሁለቱንም ቦታ አውቃቸዋለሁ። ልጄ ናቲ፣ ዋርፍ ላይ ስትቆም ፊትህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባህ ናት፣ ወደ አንተ የዞረው የጀልባ ጎን ይበራል። አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ጫፍ ያለው ማሪና ግን ወደ ምስራቅ ነው የሚያየው፣ ጠዋት ከሄድክ ፀሐይ ፊትህ ላይ ናት፣ እዛ ከሰዓት ሂድ። ለነጸብራቅ የሚመረጠው ደግሞ ውሃው ጥላ ውስጥ ሆኖ የሚንጸባረቀው ነገር ፀሐይ ሲመታው ነው። ብዙ ሰው ፀሐይ ያረፈበትን ውሃ ሲያሳድድ ይውላል፣ እዛ ያለው ብልጭታ ብቻ ነው።

ነጩ ግራጫ የሆነብህ ካሜራው ሁሉንም ነገር መሃከለኛ ማድረግ ስለሚወድ ነው፣ ፍሬሙን ነጭ ከሞላው ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) ወደ +1 ጨምር። (ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት ግን ተጠንቀቅ፣ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም፣ ያንተ ካሜራ ዜብራ አለው፣ በጣም የበራውን ቦታ በሰያፍ መስመር የሚያሳይህ ነው፣ አብራው።) ጀልባ የታሰረ ቢመስልም አይቆምም፣ ሌንሱን እስከ 210 ስበህ ስታነሳው የሹተር ፍጥነቱን ከ1/500 ሰከንድ አታዘግየው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚስተው ፎከስ ነው። ውሃ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ስታነሳ ፎከሱ የውሃው ፊት ላይ ከሆነ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም ነጸብራቁ ያለበት ርቀት ካንተ እስከ ውሃው፣ ከውሃው ደግሞ እስከ ጀልባው ተደምሮ ነው። ሞገዱ ጠርቶ ቀለሙ እንዲሟሟ ከፈለግክ ውሃው ላይ፣ ቀለሙ ጠርዝ እንዲኖረው ከፈለግክ ነጸብራቁ ላይ አድርግ። ሁለቱም ስህተት አይደሉም፣ ግን አውቀህ ምረጥ፣ ኦቶፎከሱ ከመረጠልህ አንዴ እዚህ አንዴ እዛ ነው የሚልህ። እኔ በእጄ ነው የማዞረው።

መለዋወጫ መሰለብኝ ያልከው ደግሞ እቃውን መሃል ላይ ሙሉውን ስለምታስቀምጠው ይመስለኛል። ገመድ የሚታሰርበትን ባለ ሁለት ቀንድ ብረት ሙሉውን ካሳየኸው ብረት ነው፣ አንዱን ቀንድና ጥላውን ብቻ ካስቀረህ ግን አይን መፈለግ ይጀምራል። ፊደልና ቁጥር ካለም ሸሽ፣ የጀልባው አፍንጫ አካባቢ ሁለቱም ጎን ላይ የሚለጠፈው የምዝገባ ቁጥር ከገባ ሰው ማየቱን ትቶ ማንበብ ነው የሚጀምረው።

ዝምተኛው77

ይቅርታ ግን ምንነቱ የማይታወቅ ፎቶ ምን ይባላል? ጀልባ ካነሳህ ጀልባ ይታይ እንጂ 🤷🏾 የተላጠ ቀለም እኔ ቤት በር ላይም አለ።

ቤቲ_ሌንስ

@ዝምተኛው77 በርህንም አንሳው ማን ከለከለህ 😂 ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን ተምሮ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ አብስትራክት ስዕሎቹን ሲያሳይ «ይሄ ምንድነው» ያለው ሰው ጥቂት አልነበረም፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ማዕከል ተሰይሞለታል። ናቲ ገብረ ክርስቶስ ነው እያልኩ አይደለም ሃሃ፣ ብቻ ልጁ ይሞክር ተዉት።

የጣና_ልጅ

ከባህር ዳር ሰላም ብያለሁ። እኛ ጋ ማሪና የሚባል የለም ወደቡና የሐይቁ ዳር ነው ያለን፣ የብረት ጀልባዎቹ ላይ ስትሞክሩት ያው ነው፣ እኔ የወደድኩት ግን ታንኳ ነው። ከደንገል ስለሚሰራ ውሃ ይጠጣል፣ ስራ ሲያልቅ ያወጡትና እንዲደርቅ ያቆሙታል፣ ከቆመ በኋላ ፀሐይ ከጎን ስትመታው የደንገሉ መስመርና የማሰሪያው ጥላ እንደ ጥበብ ጥለት ነው የሚታየው። አዲሱ አረንጓዴ ቢጫ ነው፣ የቆየው ይጠቁርና ይሳሳል፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ከቆሙ እሱ ብቻ ፎቶ ነው። ጥቂት ወር አገልግሎ ስለሚጣል ደግሞ ዛሬ ያየኸውን ከወራት በኋላ አታገኘውም።

አንድ ነገር ግን፣ ባለቤቱ አጠገብ ካለ ሰላምታ ሳይሰጡ ካሜራ አለመደገን። እኔ «አባባ ታንኳውን ላንሳው?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ አዛውንት ፊታቸውን አስተካክለው ቆሙ፣ ደንገሉን ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው አዘኑ መሰለኝ። ሁለቱንም አነሳሁ በቃ።

አሮጌው_ኒኮን

@የጣና_ልጅ የደንገሉን ለጥፈው እንየው እንጂ!

ናቲ የረሳሁት፣ ፖቶማክ እኛ ጋ ድረስ የባህሩ ሙላትና ጉድለት ይደርሰዋል፣ ውሃው በቀን ሁለቴ አንድ ሜትር ገደማ ወጥቶ ይወርዳል። ሲወርድ ሂድ፣ መራመጃውን የተሸከሙት ግንዶች ላይ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ደረቅ እንጨት ተደራርበው ታገኛለህ። ዊንተር ላይ ደግሞ ጀልባዎቹን ከውሃ አውጥተው የሚያስቀምጡበት ግቢ አስፈቅደህ ግባ። ከውሃ በታች ያለው ክፍል አልጌና ተለጣፊ ዛጎል እንዳይይዘው መዳብ ያለበት ቀለም ይቀባል፣ ቀይ ሰማያዊ ጥቁር በየአመቱ እየደራረቡ፣ ሲፍቁት የድሮዎቹ ቀለሞች እንደ ካርታ ይወጣሉ። ዱቄቱን ግን አትንካው መርዝ ነው።

ናቲ_ከአሌክሳንድሪያ

እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ 🙏🏾 ቅዳሜ ጥሪውን ዘግቼ ዋርፍ ሄድኩ። ፖላራይዘሩን ሳወልቀው ውሃው ብርትኳን ሆነ ብላችሁ ታምናላችሁ፣ ወር ሙሉ በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ ያጠፋሁት ቀለም ማለት ነው። ወደ ጀልባዎቹ የሚያስገባው በር የተቆለፈ ነው፣ ከህዝብ መራመጃው ላይ ሆኜ በ210 ነው ያነሳሁት፣ እንደውም መራቁ ጠቀመኝ፣ ሁለት ጀልባና አንድ ገመድ አንድ ላይ ተለጥፈው ወጡ። ከዛ አሳ ገበያው ጋ ያሉት ተንሳፋፊ ሱቆች ጎናቸው ላይ ያለውን ዝገት አነሳሁ፣ ዝገት ላይ ግን ፎከሱ እሺ ብሎኛል ውሃው ላይ ገና ነኝ፣ ከ140 ፎቶ ሶስት ተረፈኝ። ሶስቱንም ከታች ለጥፌያለሁ ሳታፍሩ ንገሩኝ።

ቤቲ_ሌንስ

ሁለተኛዋ!!! አንደኛዋ ላይ ጥግ ላይ የገባውን ፕላስቲክ ኳስ ቁረጠው። ሶስተኛዋን ገልብጣት፣ ነጸብራቅ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ስትዞር ሌላ ነገር ትሆናለች።

ናቲ_ከአሌክሳንድሪያ

ገለበጥኳት። ባለቤቴ «መጋረጃው ያምራል» አለች 😂 ከመለዋወጫ ይሻላል አይደል? ማክሰኞ ከሰዓት አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ አሮጌው ኒኮን ካሉ ቡና በኔ ነው።

አሮጌው_ኒኮን

ማክሰኞ ዝናብ ነው የሚሉት። ደመና ከሆነ ልጣጭ ቀለም እናነሳለን፣ መጣሁ።