የዘጌ ዙር የእግር ጉዞ፦ ዕቅዱን አብረን እናብስለው

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። የኅዳር ወር ጉዟችን በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው የገዳማት ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌ፣ እንዲሆን ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል፤ የቀረው አካሄዱን መወሰን ነው። ለሥራ አስፈጻሚው ከመቅረቡ በፊት የምታውቁትን ጨምሩበት። የእኔ መነሻ ሐሳብ ይህ ነው፦ ማለዳ ከባሕር ዳር በጀልባ እንነሣለን፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወደብ ወርደን አዝዋ ማርያምንና ኡራን እንሳለማለን። ከዚያ በተፈጥሮ ደኑ ውስጥ ለውስጥ ወደ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ወደ በትረ ማርያም እንዘልቃለን፤ ስንመለስ ደግሞ የሐይቁን ዳር ይዘን ወደ ወረድንበት። በመጣንበት መንገድ መመለስ የለም። ስንሄድ በሐይቁ ደሴት ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳምንም ብንጨምረው ምን ይመስላችኋል?

አባል፣ ከአዲስ አበባ፦ እኅቴ፣ ክብራን ይቅር። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ከተመዘገብነው 24 ሰዎች 15ቱ ሴቶች ነን፤ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪወጡ ጀልባ ላይ ቁጭ ልንል ነው? ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ አልነካውም። ግን የማኅበር ጉዞ ሁሉም የሚገባበት ቢሆን ይሻላል። የዘጌዎቹ ለእኛም ክፍት ናቸው፤ የኡራን የግድግዳ ሥዕል ቀስ ብዬ ለማየት ጊዜ ቢተርፈኝ እመርጣለሁ።

የመንገድ ኃላፊ፦ እኔም ክብራን ይቅር እላለሁ፤ ምክንያቴ ነፋሱ ነው። ጣና ጠዋት ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይነሣል። ከዚህ በፊት ከሌላ ቡድን ጋር ሄጄ መመለሻችን እስከ 11 ሰዓት ዘገየ። ማዕበሉ ከጀልባው ጎን እየተጋጨ ውኃው ጉልበታችን ላይ ይረጭ ነበር፤ ከጎኔ የነበሩ እናት እስክንደርስ ድረስ «ኪዳነ ምሕረት» ማለት አላቋረጡም። ስለዚህ 1 ሰዓት መነሣት፣ 8 ሰዓት ጀልባ ላይ መሆን፤ ይህ ለድርድር አይቅረብ። መንገዱ ድንጋይና ሥር ይበዛበታል፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው አልቀበልም። የሐይቅ ዳሩን መመለሻ በተመለከተ፣ ሁለት ሰዎች ቀድመን ሄደን በእግራችን ሳናየው በዕቅዱ እንደ እርግጥ አይጻፍ። የአካባቢውን ጸጥታም በዚያው አጣርተን እንመለሳለን፤ ካልተመቸ ቀኑ ይዛወር።

አባል፣ የዘጌ ተወላጅ፦ በዕቅዱ ላይ «የተፈጥሮ ደን» የሚለውን ሳነብ ከነከነኝ። ዘጌ ባለቤት አለው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት ቡና የአንድ ቤተሰብ ጓሮ ነው፤ ዱር የሚመስለው ዛፍ ስለበዛበት ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብሳናውና ብርብራው ጥላ ይሆናሉ፤ ከሥር ቡናው፣ በመካከሉ ጌሾውና ሎሚው። አባቶች እንደሚነግሩን አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ተከሉ፤ ከስባሪው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ ሕዝቡም ሳያርስ፣ ከብትም ሳያረባ በእነዚህ ሊኖር ቃል ገባ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ቃል ነው። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ግን ሰው ምን ይብላ? እንጨት ይቆርጣል፣ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር ወስዶ ይሸጣል።

እናቴ ቡና ስትለቅም ቅርንጫፉን በግራ እጇ ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ ትይዘዋለች። የቀላውን ብቻ በአውራ ጣቷ ትፈለቅቀዋለች፤ አረንጓዴውን ለሌላ ሳምንት ትተወዋለች። አንድ ጎብኚ ለፎቶግራፍ ብሎ ፍሬ የሞላውን ቅርንጫፍ ሲገነጥል ያየች ዕለት ማታ እራት አልበላችም። እባካችሁ ሁለት ነገር በዕቅዱ ይግባልኝ፦ ከመንገዱ ወጥቶ ቡና የሚነካ አይኑር፤ የምንጠጣውንና ወደ ቤት የምንወስደውን ቡና ደግሞ ከዚያው ከለቀሙት እጅ እንግዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህን ካነበብኩ በኋላ በጀቱን ከፈትኩት። ምሳ ከባሕር ዳር ሆቴል ታሽጎ እንዲሄድ ይዤ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። እዚያው አስቀድመን ብናዝዝ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። አስጎብኚዎቹም የአካባቢው ልጆች ይሁኑ። የየገዳሙ መግቢያ ለየብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ይዤ እመጣለሁ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከዚያ በፊት ያለውን ቅዳሜ ብንይዝ ለምሳውም ይቀላል።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ኡራ ድረስ እወጣለሁ፤ ዙሩን በሙሉ ግን አልችልም። እኔን መሰል ሦስት አራት ሰዎች አሉ። እናንተን እያዘገየሁ ከምሄድ ብቀር ይሻላል።

የመንገድ ኃላፊ፦ ጋሼ፣ እርስዎማ አይቀሩም። በትረ ማርያምም የጀልባ መውረጃ አለው። ኡራን አብረን እናያለን፤ ከዚያ እናንተን ጀልባው በሐይቁ ዞሮ በትረ ማርያም ያደርሳችኋል፣ እኛ በእግር እንመጣለን። ቡናው ተቆልቶ እንዲጠብቀን ያስደርጋሉ።

አንጋፋ አባል፦ እንዲህ ከሆነስ ተመዝግቤያለሁ። ቡናውን ለእኔ ተዉት።

ጸሐፊ፦ ሁሉንም ይዤ ረቂቁን አስተካክያለሁ፦

«ማኅበራችን ከኅዳር 15 በፊት ባለው ቅዳሜ በዘጌ የአንድ ቀን ዙር ጉዞ ያደርጋል። ዘጌ የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ክልል (የሰው ኑሮና የተፈጥሮ ጥበቃ አብረው የሚሄዱበት ቦታ) አካል ነው፤ ክልሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ደኑ የነዋሪዎቹ የቡና ጓሮ መሆኑን አውቀን ከመንገዱ አንወጣም። አስጎብኚ፣ ምሳና ቡና ከአካባቢው ይሆናል። ሙሉውን ዙር የማይችሉ አባላት ከኡራ በጀልባ ሄደው በትረ ማርያም ይጠብቃሉ። መመለሻ 8 ሰዓት። የሐይቅ ዳሩ መንገድ በሁለት አባላት አስቀድሞ ይታያል፤ ካልተመቸ ከበትረ ማርያም ሁላችንም በጀልባ እንመለሳለን።»

የጎደለ ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ጻፉልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ጎድሏል። ለ24 ሰው አንድ ጀልባ አይበቃም፤ ሁለት ብለሽ አርሚው። የሕይወት ማዳኛ ሰደርያም በሰው ልክ ተቆጥሮ ካልተሰጠን ቀብድ አልከፍልም።

ጸሐፊ፦ ሁለቱንም ጨምሬያለሁ።